ኢንተርኔታችን ለምን ይዘገያል? የስልክ መስመር ሞደም ያስተማረን ነገር



ውድ አድማጮቻችን! አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም ለቤተሰብ ይጠቅማል ያልነውን ርእስ ይዘን ቀርበናል። ርእሳችን የኢንተርኔት መዘግየት ነው።

ጉዳዩ ተራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሪያድ ወይም ኩዌት ያለች ልጅ ከስንት ቀን በኋላ ባገኘቻት አንድ የዕረፍት ሰዓት ለእናቷ ደውላ፣ ምስሉ ደርቆ፣ ድምፁ ተቆራርጦ፣ «ትሰሚኛለሽ?» በመባባል ብቻ ሰዓቱ ሲያልቅ ነገሩ ተራ አይደለም። ተማሪው ልጅ መላክ ያለበትን ፎርም ሳይልክ ቀኑ ሲያልፍበትም እንዲሁ።

ታዲያ ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ምን እናደርጋለን? አንዳንዱ ወዲያው ከፍ ያለ ጥቅል ይገዛል። አንዳንዱ አዲስ ስልክ ይገዛል። ሌላው «አንተ ነህ ፊልም እያወረድክ የምትጨርሰው!» ብሎ ልጁን ይቆጣል፤ ወይም የቴሌ ሠራተኛውን ይወቅሳል። ከእነዚህ አንዱ ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ችግሩ የት እንዳለ ሳያውቁ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሳያጣሩ መውቀስ ደግሞ ሰውን መበደል ነው።

የዛሬው መልእክታችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ኢንተርኔት ተቀጣጥለው የተዘረጉ ብዙ ቧንቧዎችን ይመስላል። ውኃው የሚወርደው በጠባቡ ቧንቧ ልክ ነው። ጠባቡ ሳይገኝ ሌላውን ማስፋት አንዲት ጠብታ አይጨምርም። ይህን በደንብ ያስተማረን ደግሞ ያ አሮጌው የስልክ መስመር ኢንተርኔት፣ ዳያል አፕ የሚባለው ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ወደ እርሱ እንመለስ።

ሞደም ምን ይሠራ ነበር?

ወጣት አድማጮቻችን ላታስታውሱት ትችላላችሁ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ (በ1989 ዓ.ል.) ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከቤት ሆኖ ለመጠቀም ዋናው መንገድ የቤት ስልክ ነበር። ኮምፒውተሩ ሞደም በተባለ መሣሪያ በኩል ከስልክ መስመሩ ጋር ይያያዝና ልክ እንደ ሰው ቁጥር ይደውላል። በዚያኛው ጫፍ ሌላ ሞደም ያነሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ፉጨትና ጩኸት ትርጉም የሌለው ድምፅ አልነበረም። ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን እየፈተኑ በምን ያህል ፍጥነት ቢነጋገሩ እንደሚግባቡ የሚስማሙበት ነበር። መስመሩ ንጹሕ ከሆነ በከፍተኛ ፍጥነት ይስማማሉ። ጩኸት ካለበት ዝቅ ይላሉ። ኢንተርኔቱ እስኪዘጋ ድረስ ስልኩ ይያዛል፤ ዘመድ ቢደውል አይገባም።

የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ንግግር ነው። የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ሞደሙ የኮምፒውተሩን ዜሮና አንድ ወደ ድምፅ ለውጦ በዚህች ጠባብ በር ያሳልፈዋል፤ የወዲያኛው ሞደም ደግሞ ድምፁን ወደ ዜሮና አንድ ይመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ቪ.34 የተባለው ደረጃ በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት ያስተላልፍ ነበር። በ1996 ወደ 33.6 ከፍ አለ። በ1998 የጸደቀው ቪ.90 ደግሞ 56 ኪሎቢት አደረሰው። ሆኖም 56 የተባለው ወደ እኛ የሚወርደው ብቻ ነው። ከእኛ ወደ ውጭ የሚላከው በ33.6 ቀርቷል። የሚወርደውም ቢሆን ጥሩ መስመር ባለው ቤት ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ነበር። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጥሩ ሁኔታ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው እንጂ የተረጋገጠው አይደለም። ይህ ነገር ዛሬም አልተለወጠም።

ቢትና ባይት አይምታቱብን

የመስመር ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው። የፋይል መጠን የሚለካው ደግሞ በባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። ስለዚህ 56 ኪሎቢት ማለት በሰከንድ 7 ኪሎባይት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የግማሽ ሰዓት ሙሐደራ ዝቅ ባለ ጥራት፣ በ16 ኪሎቢት ሲቀዳ 3.6 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህ ፋይል በሙሉ 56 ኪሎቢት ቢመጣ ከ8 ደቂቃ ተኩል በኋላ ይደርሳል። መስመሩ ወርዶ በ28 ቢመጣ 17 ደቂቃ ይፈጃል። ጩኸት በዝቶበት ወደ 14.4 ቢወርድ 33 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይህም ሙሐደራውን ከማዳመጥ ይረዝማል ማለት ነው። በዚያ ላይ አጠቃቀሙ በጊዜ ስለሚታሰብ ዘገምተኛ መስመር ውድ መስመር ነበር። በመገጣጠሚያ ላይ ያለች አንዲት የዛገች ሽቦ የወሩን ሒሳብ እጥፍ ልታደርገው ትችል ነበር።

ዛሬም ይህን ስሌት ማወቅ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። የ4 ሜጋቢት ጥቅል ገዝቶ ኮምፒውተሩ «500 ኪሎባይት በሰከንድ» ብሎ ቢያሳየው ማንም አላታለለውም። 4,000 ለ8 ሲካፈል 500 ነውና።

ጠባቡ ቦታ የት ሊሆን ይችል ነበር?

በዳያል አፕ ዘመን ዘገምተኛ መስመር የሚፈተሽበት ቅደም ተከተል ነበረው። ፍተሻው ከራስ ቤት ይጀምርና ወደ ውጭ ይሄዳል።

አንደኛ፣ ከግድግዳው እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ገመድ ነው። ብዙ ቤት የስልክ ገመዱ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት በእጅ ተቀጥሎ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ይሄድ ነበር። በዚያው መስመር ላይ ሁለትና ሦስት ስልኮች ይሰካሉ። እያንዳንዱ ቅጥያና እያንዳንዱ ተጨማሪ ስልክ ምልክቱን ያዳክመዋል። መፍትሔው ሌሎቹን ስልኮች ሁሉ መንቀል፣ ሞደሙን በአጭር ገመድ መስመሩ ቤት በሚገባበት ሶኬት ላይ መሰካትና እንደገና መደወል ነበር። ፍጥነቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የቤቱ ገመድ ነው። ጥገናውም ጥቂት ሜትር አዲስ ገመድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከቤቱ እስከ ቴሌ ማዕከል ያለው መስመር ነው። ይህን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። የቤት ስልኩን መነጋገሪያ አንስተን አንድ ቁጥር ብቻ እንጫን። የመደወያው ድምፅ ይቆማል። አሁን ዝም ብለን እናዳምጥ። ጸጥ ካለ መስመሩ ደህና ነው። የሚንሿሿ ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ግን ሞደሙ ያንን እየሰማ ነው ማለት ነው። በተለይ ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ እርጥበት ወደ አንድ መገጣጠሚያ እንደገባ እንጠረጥራለን። እንዲህ ሲሆን ለቴሌ «ኢንተርኔቴ ቀስ አለብኝ» ከማለት «ስልኬ ጩኸት አለው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል» ማለት ይሻላል። ሁለተኛው ሠራተኛውን የት ሄዶ እንደሚፈልግ ይነግረዋልና።

ሦስተኛ፣ ሞደሙና ኮምፒውተሩ ራሳቸው ናቸው። በዊንዶውስ ስክሪን ታችኛ ጥግ ላይ የምትታየው የሁለት ኮምፒውተሮች ምስል የተስማሙበትን ፍጥነት ታሳይ ነበር። ቁጥሩ 115,200 የሚል ከሆነ ግን በእርሱ መደሰት አይገባም። በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ፍጥነት እንጂ የመስመሩ አይደለም። በዚህ ላይ ቫይረስና በራሳቸው የሚወርዱ ማሻሻያዎች ያችኑ 7 ኪሎባይት ይሻሙ ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሳይታወቅ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የተለመደውን ቁጥር ትቶ ወደ ሩቅ አገር ወይም ወደ ውድ ቁጥር የሚደውል ተንኮለኛ ፕሮግራም ነበር። በብዙ አገሮች ሰዎች ያልደወሉበት የስልክ ሒሳብ የመጣባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚያ ቤቶች «ማን ደወለ?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን ንጹሕ የቤተሰብ አባል አስጠርጥሮ ይሆን?

አራተኛ፣ የተጠቃሚው ብዛት ነው። አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ያሉት ሞደሞች ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ ሰው በሚበዛበት ሰዓት መስመሩ ተይዟል ይላል። የገባውም ሰው ያለውን መንገድ ይጋራል። ይህን የሚለየው ሰዓት ነው። ማታ ቀስ ብሎ ጎሕ ሲቀድ የሚፈጥን ከሆነ የቤቱ ገመድ ጥፋት የለበትም። ሽቦ ሰዓት አይቆጥርም።

አምስተኛ፣ ከአገር የሚወጣው መንገድ ነው። ያኔ የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጥያቄያችን ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ በዚያው መንገድ እስኪመለስ ድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። የትኛውንም ሞደም ብንገዛ ይህን ርቀት አናሳጥረውም። በኋላ ግን በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል የሚያልፉ የፋይበር መስመሮች ሲዘረጉ ይህ መዘግየት በብዙ ቀነሰ።

ስድስተኛ፣ የምንከፍተው ድረ ገጽ ራሱ ነው። አንዱ ገጽ ብቻ ዘግይቶ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የእኛ አይደለም። ሌላ ጊዜ መሞከር ይበቃል።

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል?

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዝርዝሩ ይልቅ ዘዴው ይበልጣል። ዘዴው ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው መለካትና መጻፍ ነው። «ቀስ ይላል» የሚለው ስሜት ነው። «ሰኞ ከዒሻ በኋላ 24፣ ማክሰኞ ከሱብሒ በኋላ 44» የሚለው ግን ማስረጃ ነው። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ገመዱንም፣ ሶኬቱንም፣ ሞደሙንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ቢሻለው እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ለሦስቱም ከፍሏል። ሦስተኛው ማቀያየር ነው። የእኛን ሞደም ጎረቤት ቤት፣ የጎረቤትን ሞደም እኛ ቤት ብንሞክር፣ ችግሩ ሞደሙን ተከትሎ ይሄዳል ወይስ ቤታችን ይቀራል? መልሱ በነጻ ይገኛል።

ዛሬስ?

የዳያል አፕ ዘመን አልፏል። በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ኤኦኤል እንኳ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰጠውን ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ዘግቷል። ነገር ግን መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። እንዲያውም ኤዲኤስኤል የተባለው ብሮድባንድ በዚያው በመዳብ የስልክ ሽቦ ላይ ነው የሚመጣው። ድምፅ ከሚሄድበት በላይ ያለውን ሞገድ ስለሚጠቀም ስልክና ኢንተርኔት አብረው ይሠራሉ። በዚህ መስመር የሚጠቀም ቤት የጆሮውን ፍተሻ ዛሬም ሊያደርገው ይችላል። ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ሳጥን ሳትኖር በቀጥታ የተሰካ ስልክ ካለ መስመሩን ያውከዋል። ቤቱ ከቴሌ ማዕከል አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ከራቀ ደግሞ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቤት ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ሽቦውን አያሳጥረውም። ከመክፈላችን በፊት መስመራችን ስንት መሸከም እንደሚችል እንጠይቅ።

ዛሬ በዳያል አፕ ጊዜ ያልነበረ አንድ ቧንቧ ተጨምሯል፤ እርሱም ዋይፋይ ነው። ብዙ ጊዜ ጠባቡ ቦታ እርሱ ሆኖ ይገኛል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር እናያይዝ፤ ኬብል ከሌለ ስልካችንን ይዘን ከራውተሩ አጠገብ እንቁም። እዚያ ፈጥኖ መኝታ ቤት ከዘገየ ጥፋቱ የግድግዳውና የርቀቱ ነው። ራውተሩን ከቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥን ኋላ አውጥቶ በቤቱ መካከል ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም። ራውተሩ ሁለት ሞገድ ካለው ለቅርቡ 5 ጊጋኸርዝ፣ ለሩቁ 2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል። ማይክሮዌቭ ምድጃ ሲበራ 2.4 ሊታወክ እንደሚችልም እናስተውል።

ሌላው ከቤት ወደ ውጭ የሚላከው ነው። ከላይ እንዳልነው በሞደም ዘመንም መላኪያው ከመቀበያው ይጠብ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ጥቅሎች እንዲሁ ነው። አንድ ስልክ የወሩን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ደመና ማከማቻ መስቀል ሲጀምር መላኪያው ይሞላል። በዚህ ጊዜ የሚወርደውም ይታነቃል። «ደረሰኝ፤ ቀጥል» የሚለው አጭር መልእክት መውጫ ያጣልና። ስለዚህ ልጁን ከመቆጣታችን በፊት የሁላችንም ስልክ ምን እየሠራ እንደሆነ እንይ። ዋትስአፕና ቴሌግራም ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ፣ ፎቶ የሚሰቀለውም ሰው ሲተኛ እንዲሆን ማስተካከል ይቻላል። የዋይፋዩን ፓስወርድ ስንት ሰው ያውቀዋል? ለጎረቤት ማካፈል መልካም ነው፤ ግን አውቀንና ፈቅደን ይሁን።

በሞባይል ዳታ የምንጠቀም ከሆነ ቦታ መቀየርና ወደ መስኮት መጠጋት የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ሁለተኛ የሞባይል ኩባንያ ስለገባ የሌላውን ሲም ከጎረቤት ተውሶ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ማነጻጸርም ይቻላል። የፍጥነት መለኪያዎች ራሳቸው ዳታ እንደሚበሉ ግን አንርሳ። መስመሩ ፈጣን በሆነ መጠን አንድ ልኬት ብዙ ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል በተወሰነ ጥቅል ላይ ደጋግሞ መለካት ኪሳራ ነው።

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራትስ? ድሮም ዘግቶ እንደገና መደወል አንዳንዴ የተሻለ ስምምነት ያመጣ ነበር። ማጥፋትና ማብራት አንድ ጊዜ ቢረዳ መልካም ነው። በየቀኑ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ማስታገሻ ነው፤ ሕመሙ አለ።

ሁሉም ችግር ዝግታ አይደለም

አንዳንድ ጊዜ መስመሩ ፈጣን ሆኖ ጥሪው እምቢ ይላል። ለምሳሌ በዱባይና በሌሎች የኤምሬትስ ከተሞች የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ለብዙ ዓመታት ተገድቦ ቆይቷል። እንዲህ ያለውን ጥቅል በመጨመር አናስተካክለውም። ልጃችን እዚያ በተፈቀደው መተግበሪያ ብትደውል ይሻላል። መልእክቱና ፎቶው በደንብ እየገባ ጥሪ ብቻ ከከለከለ ይህን እንጠርጥር። ጥሪው ገብቶ ከተቆራረጠ ደግሞ ቪዲዮውን ዘግቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይሞከር። ድምፅ ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ መንገድ ይበቃዋል። የናፈቁትን ሰው ሳያዩ መስማት፣ ደርቆ የቀረ ምስል ከማየት ይሻላል።

ቤታችንን ፈትሸን፣ በኬብል ለክተን፣ ከሱብሒ፣ ከዙህርና ከዒሻ በኋላ ለሳምንት ጽፈን፣ የተገኘው ቁጥር ከገዛነው በጣም ካነሰ ያን ጊዜ ወደ አገልግሎት ሰጪው እንሂድ። ወረቀታችንን ይዘን፣ በትሕትና ግን በጽናት እንጠይቅ። የከፈልንበትን ማግኘት ሐቃችን ነው። ሠራተኛውም ቢሆን ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት ሲያይ ሥራው ይቀልለታል። ውጤቱ ጥፋቱ የቤታችን መሆኑን ካሳየን ደግሞ አንድ አዲስ ገመድ ወይም የራውተሩን ቦታ መቀየር ብቻ ይበቃን ይሆናል፤ ሰውንም አላስቀየምንም፣ ገንዘባችንም ለቤታችን ቀርቷል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህን ይመስላል። ኢንሻአላህ በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ድረስ ደህና ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።